የሽፍታ ጎዳና ትርጉም

መርማሪው ሲደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር። ሽማግሌው ግራጫ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ከረጅሙ የእንጨት መሰላል ሥር በጀርባቸው ተንጋለዋል። ጭንቅላታቸው ያረፈበት የመደርደሪያው የብረት ማዕዘን ላይ ደም ደርቋል። መነጽራቸው ግን ሳይሰበር ጎናቸው ቁጭ ብሏል፤ ባለቤቱ እጁን ሰዶ የሚያነሣው ይመስል።

ቦታው የዋና ከተማው የመንገዶች ስያሜ ክፍል ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ ትንንሽ መሳቢያ ብቻ። በየመሳቢያው ካርድ፣ በየካርዱ ላይ የአንድ መንገድ ስም ከነትርጉሙ። ዝምታ ጎዳና ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ሲያደነቁሩት የኖረ ሰፈር እንደሆነ፣ ስሙም የሹፈት እንደሆነ እዚህ ተጽፏል። መለስ በል ቅያስ መጨረሻው ግድግዳ እንደሆነም እንዲሁ። ይህን ሁሉ በሠላሳ አንድ ዓመት የሰበሰቡት እኚህ ሽማግሌ ናቸው። ያገኙትን ሰው «ሰፈርህ ማን ይባላል? ትርጉሙስ?» ሳይሉ ስለማያልፉ፣ ሰው ሁሉ አባ ትርጉም ይላቸው ነበር።

«በል እንግዲህ ግማሽ ጆሮ፣ አታድክመን» አለ አለቃው ከበሩ ላይ ሆኖ። መላጣው እንደ ሳህን የጠራ፣ ችኩል ሰው ነው። «ገዳዩ ተይዟል። ሰሌዳ ጻፊው ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ግቢ ውስጥ ከሽማግሌው ጋር ሲጨቃጨቅ ሰው ሰምቶታል። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሞተው ተገኙ። መሰላሉ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ፤ የሰውየው እጅ ላይም ሰማያዊ ቀለም አለ። ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

መርማሪውን ግማሽ ጆሮ የሚሉት የግራ ጆሮው ስለማይሰማ ነው። ስለዚህ ሰው ሲያናግር በቀኙ ያስቀምጣል። ቃል ሲቀበልም የሰማውን እንደሰማው ይጽፋል፤ ጠብቆ የተነገረ ፊደል ካለ አናቱ ላይ ሁለት ነጥብ ጣል ያደርግበታል። ባልደረቦቹ ይሥቁበታል። እሱ ግን «እዚያ አለ» የሚል ቃል አንዱ አላልቶ፣ ሌላው አጥብቆ ሲያነበው፣ ተናገረ የተባለ ሰው እዚያ ተገኘ ተብሎ ሊታሰር ለጥቂት ሲተርፍ አይቷል።

ተንበርክኮ የሽማግሌውን ቀኝ እጅ አየ። ጭብጥ ብሏል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲያላቅቅ ከመዳፉ ውስጥ ትንሽ የነሐስ እጀታ ወጣች።

ቀና ብሎ መሳቢያዎቹን ቃኘ። ከመሰላሉ በላይ «ሰ እና ሸ» ተብሎ የተጻፈበት መሳቢያ እጀታ የለውም። ወጥቶ በጥፍሩ ሳበው። አንድ ጎኑ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ገና አቧራ አልነካውም። ውስጡ ግን ሁለት መቶ ያህል ካርድ እንደ ጥርስ ተደርድሯል።

«መሳቢያው አብሯቸው ወድቋል» አለ መርማሪው።

«ይኸው ቦታው ላይ አይደል እንዴ?»

«እሱ ነው የገረመኝ። ሁለት መቶ ካርድ ሲወድቅ ወለሉን ይሞላል። ወለሉ ግን ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕ ወለል ደግሞ ከመቼ ወዲህ ወንጀል ሆነ?» አለ አለቃው ሰዓቱን እያየ።

ሰሌዳ ጻፊው ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። መርማሪው ሄዶ በግራው በኩል ተቀመጠ።

«ቀለሜ የሚሉህ አንተን ነው?»

«አዎ ጌታው። ቀለም ስለምቀባ ነው እንጂ በትምህርቱስ የለሁበትም። ንጉሡ ሠ በእሳቱ ሰ ገብቶብኝ ስንት ሰሌዳ አስፍቀውኛል አባ ትርጉም።»

«ዛሬስ ምን አጣላችሁ?»

«ነጥብ።»

«የምን ነጥብ?»

«የሽፍታ ጎዳና ቅዳሜ ይመረቃል። ሰሌዳውን ትናንት ጨርሼ እንዲደርቅ አቁሜዋለሁ። ጠዋት እየሮጡ መጡና ‹መካከለኛዋ ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ አድርግበት› አሉኝ። አባባ፣ ሰው ዝንብ አረፈበት ይላል፣ አልኳቸው። ‹አድርግ ስልህ አድርግ፤ ከተማው ፊት ቆመን ልንዋሽ ነው እንዴ?› አሉ። ተናደድኩ። ብሩሼን ወርውሬ ጮህኩ። ይኸው ነው ጠቡ።»

መርማሪው እስክሪብቶውን አቆመ። «ለምን እንደፈለጉት አልነገሩህም?»

«እሳቸው? ‹መጀመሪያ ካርዱን ላስተካክል፣ ከዚያ ከሰው ጋር ትሰማለህ› ብለው ወደ ላይ ወጡ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።»

«መሰላሉ ላይ ያለው ቀለምስ?»

«መሰላሉ የእኔው ነው። ሰሌዳ ስሰቅልበት ሃያ ዓመቴ። አረንጓዴም ቀይም ፈልጉበት፣ አታጡም።» ካቴናውን አየ። «ጌታው፣ ልጄ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ትመጣለች። እናት የላትም። የቤቱ ቁልፍ እኔ ኪስ ነው። ፍርድ ቤት ከወሰዱኝ በር ላይ ቆማ መቅረቷ ነው።»

የክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ክንድ የሚያህል የሸክላ ምስል ቆሟል። ሪዛም ሰው ነው፤ ጠመንጃ ታጥቋል።

«ጀግናችን ነው» አለ ኃላፊው ክራቫቱን እያስተካከለ። «ለግፈኛ አልገዛም ብሎ ሽፍታ የሆነ፣ እዚያች መንገድ ውስጥ ሕዝብ ሸሽጎት የኖረ ሰው። ዋናው ሐውልት ከዚህ አሥር እጥፍ ይሆናል።»

«ማስረጃው ምንድን ነው?»

«የራሳቸው የአባ ትርጉም ካርድ ነዋ። ከሃያ ዓመት በፊት ከጀግናው ወንድ ልጅ አፍ ተቀብለው የጻፉት። እሱ ሞቷል። እኅቱ ግን በሕይወት አሉ። ቅዳሜ ሪባኑን የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው፤ የጸሐፊያችን እናት።»

«ሽማግሌው በቅርቡ አዲስ ነገር አግኝተው ነበር?»

«ባለፈው ሳምንት ከጤና ቢሮ መዝገብ ቤት አቧራ ለብሰው መጡ። ምን አገኙ አላልኩም። ሐውልቱ ታዞ፣ ጥሪው ተበትኖ ማን ይጠይቃል?»

«ያገኙት ነገር ጀግናውን የሚያሳጣዎት ቢሆንስ?»

የኃላፊው ፈገግታ ጠፋ። «ወንበሬን ያሳጣኛል። አልዋሽህም። ግን የጥሪ ዝርዝር ልጠይቃቸው ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስገባ ሞተው ነው ያገኘኋቸው። እዚያ ክፍል ውስጥ እንኳን ሰው ልገድል፣ አንድ ካርድ ራሴን ችዬ ፈልጌ አላውቅም። ጸሐፊዋን ነው የምጠራው።»

ጸሐፊዋ ከካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። የአርባ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። የሽማግሌውን ካርድ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትተይብ የኖረች እሷ ናት።

«ልጄ ነበር የሚሉኝ» አለች። «ዛሬ ግን አላገኘኋቸውም። በሬን ዘግቼ የቅዳሜውን ፕሮግራም ስተይብ ነበር።»

«ምን ሊያወጡ መሰላል ላይ የወጡ ይመስልዎታል፣ እኅቴ?»

«እኔ ምን አውቄ። ምርቃቱ ስለደረሰ የሽፍታን ካርድ ሊያወጡ ይሆናላ።»

መርማሪው ጻፈ። ከጻፋት ቃል በአንዷ ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ አደረገ፤ ያደረገውን ራሱ ትኩር ብሎ አየው።

«አዲስ ካርድ ጽፈው ነበር?»

«አላየሁም። አዲስ ነገር ካለ መጀመሪያ ለእኔ ነው የሚነግሩኝ። አልነገሩኝም።»

«እናትዎ ለቅዳሜ ተዘጋጁ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። «ልብስ ተሰፍቶላቸዋል። እናቴ በሕይወታቸው አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊት ቆመው ተጨብጭቦላቸው አያውቅም።»

መርማሪው ወደ ካርድ ክፍሉ ተመለሰ። ሬሳው ተነሥቷል። የተሰነጠቀውን መሳቢያ አውርዶ ካርዶቹን ማገላበጥ ያዘ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ሰፊ መንገድ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ከስፋት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ልብስ ሰፊዎች ይኖሩበት ነበር። ላልቶ ይነበብ።» ካርዱን ይዞ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ወደ ጤና ቢሮው መዝገብ ቤት ደወለና ስልኩን ቀኝ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ቆየ። ሲጨርስ አመስግኖ ዘጋ፤ ፊቱ ላይ ግን ደስታ አልነበረም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ካርድ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። አለቃው፣ ኃላፊው፣ ጸሐፊዋ፣ ቀለሜም ከነካቴናው። መርማሪው ካርዶቹን በውዞ ለኃላፊው፣ ለጸሐፊዋና ለቀለሜ አሥር አሥር አደላቸው።

«እባካችሁ በፊደል ተራ አድርጉልኝ።»

«እዚህ የመጣነው ካርታ ልንጫወት ነው?» አለ አለቃው።

ቀለሜ በታሰረ እጁ እያላበው አንዱን አነሣ፣ ሌላውን ጣለ። ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ጋር ቀላቅሎ አረፈ። ኃላፊው ሦስት ካርድ አስቀምጦ ከአራተኛው ላይ ቆመና «ሸ ከቀ በፊት ነው በኋላ?» ብሎ ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። ጸሐፊዋ መሐረቧን ዓይኗ ላይ እንዳደረገች በአንድ እጇ ብቻ እየደረደረች ነበር። ዓይኗን ከመሐረቡ ስታወጣ ካርዶቹ ተሰልፈዋል። ያኔ ነው የገባት። እጇን ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ ሰበሰበች።

«አባ ትርጉም ሲወድቁ ይህን እጀታ ጨብጠው ነበር» አለ መርማሪው፤ ነሐሷን ጠረጴዛው ላይ አኖራት። «እጀታው የዚህ መሳቢያ ነው። መሳቢያው አብሯቸው ወድቆ ተሰንጥቋል፤ ካርዱ ሁሉ ተበትኗል። ሰው ሳይመጣ አንድ ሰው ካርዱን ለቅሞ፣ አንድም ሳያዛንፍ ደርድሮ፣ መሳቢያውን መልሶ ሰክቷል። ሽማግሌው የትኛውን ካርድ ሊነኩ እንደወጡ እንዳይታወቅ ነው። ቀለሜ ይህን በሦስት ቀንም አይጨርሰው።»

«እውነት ነው» አለ ቀለሜ።

«መደርደር መቻል መግደል አይደለም» አለ አለቃው።

«አይደለም። ወደ ነጥቡ እንምጣ። ሽማግሌው ዛሬ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ‹ሽፍታ› የሚለው ቃል መካከለኛ ፊደል እንዲጠብቅ ፈለጉ። ፍ ሲላላ የሸፈተ ሰው ነው፤ ጠመንጃ የያዘ። ፍ ሲጠብቅስ?»

 አለቃው ሳያውቀው አንገቱን አከከ።

«ገላ ሽፍ ሲል የሚወጣው ነው» አለ መርማሪው። «ጤና ቢሮ ውስጥ አንድ አሮጌ ደብተር አለ። ሽማግሌው ባለፈው ሳምንት ገልብጠውታል። ‹ሽፍታ የወጣባቸው ሁሉ ከከተማው ተለይተው በዚህ መንገድ ይቀመጡ፣ ማንም አይግባ› ይላል። በዚያ መንገድ ጀግና አልሸፈተም። በሽተኛ ነው የተዘጋበት።»

ኃላፊው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ይህን ዛሬ ጠዋት የሚያውቁት አባ ትርጉም ብቻ ናቸው። ለቀለሜ አልነገሩትም፤ ለኃላፊውም አልነገሩም። ቃሉ በጽሑፍ አንድ ነው፤ ያልተነገረው ሰው ሁሉ አላልቶ ነው የሚያነበው። እናንተ ሁለታችሁም ስታናግሩኝ አላልታችሁታል።» ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ አዞረላቸው። «አንድ ሰው ግን አጥብቆ ነገረኝ። ‹የሽፍታን ካርድ ሊያወጡ ይሆናላ› አሉኝ። ይኸው ነጥቤ።»

«አሥራ ሁለት ዓመት አብራን ስትሠራ እንደዚያ ብላ አታውቅም» አለ ኃላፊው በቀስታ። «አያቴ ሽፍታ ነበር እያለች በኩራት ነው የምትናገረው።»

«አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል» አለ መርማሪው። ቀለሜ በዚያ ጭንቀቱ መካከል የአለቃውን ራስ አይቶ አጎነበሰ። «እኅቴ፣ ጠዋት አግኝተዋቸዋል።»

ጸሐፊዋ ከቦርሳዋ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ካርድ አወጣች። የሽማግሌው የእጅ ጽሑፍ ነው።

«ለቅዳሜ ብቻ ይቆይ አልኳቸው» አለች። «አንድ ቅዳሜ። ሰኞ ይጻፉት አልኩ። ‹ልጄ፣ ትርጉም ቀጠሮ አይሰጥም› አሉኝ። እናትሽንም ዛሬውኑ ላነጋግር አሉ። የእናቴ ፊት ጠባሳ ነው። ትምህርት ቤት ልጆች አጠገቤ አይቀመጡም ነበር፤ የነካኋትን እስክሪብቶ ያጥቧት ነበር። እናቴን ለመጠየቅ ፈራሁ። አጎቴ ‹አያትሽ ሽፍታ ነበር በያቸው› አለኝ። ካልኩ ወዲያ የሳቀብኝ የለም። በዚያ ቃል ነው ሰው የሆንኩት። እሳቸው ደግሞ በሁለት ነጥብ ሊያፈርሱት መሰላል ላይ ቆመዋል። ውረዱ አልኳቸው። መሰላሉን ይዤ ነቀነቅኩት። ውረዱ፣ ብዬ ነው… መሳቢያውን ያዙ።»



«እኔ በካቴና ስወሰድ በር ላይ ቆመሽ ታዪ ነበር» አለ ቀለሜ።

«ከቅዳሜ በኋላ እናገር ነበር።»

«ከቅዳሜ በኋላ» አለ ቀለሜ። 

ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ካቴናው ተፈታለት። ኪሱን ዳበሰ፤ ቁልፉ አለ። ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል በዚያ ጎባጣ ትከሻው ሮጠ።

አመሻሹ ላይ መርማሪው የጸሐፊዋን መታሰር ለእናቷ ሊነግር ወደ ሽፍታ ጎዳና ሄደ። አለቃው ሌላ ሰው ልላክ ብሎት ነበር፤ እሱ ግን ራሴ ልሂድ አለ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀዋል። አሮጊቷ በር ከፈቱለት። ፊታቸው በጥቃቅን ጠባሳ ተሸፍኗል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። አዲሱ ልብስ ወንበር ላይ ተዘርግቷል።

«ልጄ ናት የላከችህ? ስለ ቅዳሜው ነው?»

«እናቴ፣ ይቀመጡ።»

«ተቀምጫለሁ እንግዲህ። ደብዳቤውን ራሴ ነው ያነበብኩት፣ ሰው አላስነበብኩም። ‹የሽፍታ ጎዳናን ታሪክ ለማክበር በክብር ተጋብዘዋል› ይላል።» ፍን ጠበቅ አድርገው ነው ያሉት። በዚህ ሰፈር ሌላ አነባበብ እንደሌለ ሁሉ።

መርማሪው በማይሰማው ጆሮው የሰማ መሰለው። «ምን አሉኝ?»

«ሽፍታ። ይሄ።» ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ከተማው ሁሉ ሲሸሽ እናቴ ገብታ በሽተኛ ታጥብ ነበር። አባቴ በሩን ይጠብቅ ነበር። እኔ ተይዤ ተርፌአለሁ። አሥራ ስምንት ሰው ከዚህ መንገድ አውጥተን ቀብረናል። አንድ ሰው መጥቶ እናንተ ማን ነበራችሁ ብሎን አያውቅም። ሰባ ዓመት ቆይተው አስታወሱን። ይሁን፣ ደግ ነው።»

«አባትዎ ሸፍተው ነበር ሲባል…»

አሮጊቷ ሣቁ። «አባቴ? አባቴ ዶሮ ማባረር የማይችል ሰው! እሱ ወንድሜ የፈጠረው ተረት ነው፤ ልጄ ስታለቅስ ለማባበያ። ስታድግ ትጠይቀኛለች፣ ያኔ እነግራታለሁ ብዬ ጠበቅኩ። አልጠየቀችኝም። ያፈረችብኝ መስሎኝ እኔም ዝም አልኩ። ይኸው አሁን ግን እውነቱ በሰሌዳ ሊሰቀል ነው፤ እሷም ታየዋለች።»

ከዚያ ወደ እሱ ጠጋ አሉ።

«ለመሆኑ ይህን ነገር ቆፍሮ ያወጣው ሰው ማን ነው? አንድ ሽማግሌ ቢሯችን አሉ ትለኛለች፣ እሳቸው ይሆኑ? አምጣልኝ እስቲ። የአሥራ ስምንቱንም ስም አልረሳሁም። እርሳስ ይዘው ይምጡ በላቸው፤ አይቸኩሉ። እኔ እንደሆነ የትም አልሄድ።»